የተረፈው ምግብ ወዴት ይሄዳል?

የዚህ ወር የትምህርት ገጽ ተራ ያንቺ ነው ስባል ትንሽ ደነገጥኩ። 12ኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ ልጅ ነኝ እንጂ መምህር አይደለሁም። ግን በየቀኑ በእጃችን ስለሚያልፍ ነገር ብጽፍ አይከፋም ብዬ ስለ ትርፍ ምግብ ጻፍኩላችሁ።

ጅዳ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ለምሳ እንግዳ መጣ። ትልቅ ትሪ ሙሉ ከብሳ ቀረበ፣ ግማሹ እንኳ አልተነካም። ማዳም «ኢርሚ» አለችኝ፣ ጣይው ማለቷ ነው። ቆሻሻው ጋ ቆሜ እጄ እምቢ አለኝ። እናቴ ፍርፋሪ እንኳ ስትጥል አይቼ አላውቅም። ትንሽ ሩዝና ሥጋ በሳህን ደብቄ ክፍሌ አስገባሁና ሥራ ስጨርስ እኩለ ሌሊት ላይ በላሁት። ሲያስመልሰኝ አደረ። ጠዋት ማዳም ምን ሆንሽ ስትለኝ እውነቱን መናገር አፈርኩ። ምግብ መጣል ያሳዝናል፣ የተበላሸ መብላት ደግሞ ሰው ይገድላል። መሀለኛውን መንገድ ማወቅ አለብን።

1. ምን ያህል ይባክናል?

(ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ2019 የሳዑዲ መንግሥት የእህል ድርጅት ባወጣው ጥናት በአገሩ ካለው ምግብ 33 ከመቶ ያህሉ ይባክናል። በገንዘብ ሲሰላ በዓመት ወደ 40 ቢሊዮን ሪያል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ በ2022 በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ እንደተጣለ አስታውቋል። ከዚያ ውስጥ 60 ከመቶው የተጣለው ከመኖሪያ ቤት ነው። ማለትም እኛ ከምንሠራበት ማድ ቤት!

2. መንግሥት ምን ያደርጋል?

የሳዑዲ መንግሥት ብክነትን ለመቀነስ «ለተዱም» የሚባል ብሔራዊ ፕሮግራም አለው። ትርጉሙ «እንድትዘልቅ» ነው፣ ጸጋዋን ማለታቸው ነው። ከሰርግና ከሆቴል የተረፈ ንጹሕ ምግብ አሽገው ለችግረኛ የሚያደርሱ በጎ አድራጎት ማኅበራትም አሉ፤ «ኢጥዓም» የሚባለው አንዱ ነው።

ትልቁ ምሳሌ ግን መካ ነው። በሐጅ ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቆጠር በግ ይታረዳል። ድሮ ብዙው ሥጋ በሙቀቱ እየተበላሸ ይቀበር ነበር። በ1983 መንግሥት ሥራውን ዋና መሥሪያ ቤቱ ጅዳ ላለው ለእስልምና ልማት ባንክ ሰጠ። ቄራና ማቀዝቀዣ ተሠራ፣ ሐጃጁ ኩፖን ይገዛል፣ ሥጋው ለመካ ድሆች ይታደላል፣ የቀረው ወደ አፍሪካና እስያ አገሮች ይላካል። አያችሁ? ሥርዓት ሲበጅለት ያው ሥጋ መሆኑ ቀርቶ ቆሻሻ አልሆነም፣ ሰው በላው።

3. «ክብ ኢኮኖሚ» ማለት ምንድነው?

ከገበያ ወደ ድስት፣ ከድስት ወደ ቆሻሻ የሚሄደው ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ክቡ ግን ተመልሶ ይዞራል፦ መጀመሪያ ለሰው፣ ለሰው የማይሆነው ለከብት፣ ለከብትም የማይሆነው ብስባሽ ሆኖ ለመሬት። ስሙ ነው አዲስ። አገራችን የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፣ የጠላ አተላ ለከብት ይሰጣል፣ ፍግ ጓሮ ጎመን ላይ ይበተናል። እናቶቻችን ሳይማሩ ያውቁታል።

4. እኛስ?

መንግሥት ያቅዳል፣ ማዳም ትወስናለች፣ ትሪውን የምንይዘው ግን እኛ ነን።

ሀ. ከመቀቀላችሁ በፊት ስንት ሰው እንደሚመጣ ጠይቁ።

ለ. እጅ ሳይገባበት ቀንሳችሁ ለማስቀመጥ አስፈቅዱ። እኔ አንድ ቀን ፈራ ተባ እያልኩ «ማማ፣ ግማሹን ላስቀር? ከተረፈ ለሐሪሱ እሰጠዋለሁ» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝና «ጠይብ» አለች። አሁን ራሷ ታስታውሰኛለች።

ሐ. የበሰለ ሩዝ ከ2 ሰዓት በላይ ውጪ አይደር፣ በጅዳ ሙቀት ከ1 ሰዓትም አይለፍ። መርዙ አንዴ ከተፈጠረ ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም። እኔን የጣለኝም ይሄው ይመስለኛል።

መ. ደረቅ ኹብዝ ከቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉ። ለብቻው በፌስታል ብታስቀምጡት ለበግና ፍየል የሚሰበስቡ ይወስዱታል። የሻገተውን ግን አትስጡ፣ እንስሳም ይታመማል።

ሠ. ሳታስፈቅዱ ምንም ከቤት አታውጡ። ለኛ ደግነት ነው፣ ለነሱ ግን ስርቆት ሊመስል ይችላል።

ረ. ለመቆጠብ ብላችሁ የቆየ ትራፊ አትብሉ። ምግቡን የሠራነው እኛ ነን፤ ትኩሱን በሰዓቱ ለመብላት ጠይቁ። ጤናችን ከወደቀ አገር ቤት የሚጠብቁን ምን ይሆናሉ?

መወያያ፦ በምትሠሩበት ቤት በብዛት የሚጣለው ምንድነው? ማዳምን ያስፈቀደች እህት ካለች እንዴት ብላ እንደጠየቀች ለቀጣዩ እትም ትጻፍልን።

ሰላም ሁኑልኝ፣ እህታችሁ ከጅዳ።