አለንን ሰጥቶ ሮቢንሰንን መቀበል ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የፋንታሲ ፉትቦል ሊጋችን 12 ቡድኖች አሉት፤ የሚሰለፈው አንድ ኳርተርባክ ነው። ኳርተርባኩን ጆሽ አለንን ሰጥቼ ራኒንግ ባኩን ቢጃን ሮቢንሰንን ልቀበል?

መልስ፦ ይቀበሉ። አንድ ብቻ በሚሰለፍበት ሊግ ደህና ነጥብ የሚያመጣ ኳርተርባክ ሳይመረጥ ይተርፋል፤ ቡድኑ በየሳምንቱ የሚመካበት ራኒንግ ባክ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ሮቢንሰን በ2024 በሩጫ 14 ተችዳውን ከማስቆጠሩም በላይ 61 ኳሶች ተቀብሏል፤ ሊጋችሁ ለተያዘ ኳስ ነጥብ ከሰጠ ዋጋው ይጨምራል።

አለንን መስጠት እንደሚያስጨንቅ ይገባኛል። በ2023 ራሱ ሮጦ 15 ተችዳውን አስቆጥሯል፤ በአብዛኞቹ ሊጎች ደግሞ ኳርተርባክ ወርውሮ ለሚያስቆጥረው 4፣ ሮጦ ለሚያስቆጥረው 6 ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ተተኪውን ሳይዙ አይስማሙ። ሁለት ኳርተርባክ የሚሰለፍበት ሊግ ቢሆን ኖሮ ግን እምቢ ይበሉ እል ነበር።