ድህነት ለዝምታ ምክንያት አይሆንም
ገንዘብ ያጠረው መንግሥት ወረርሽኝን በምን ይመክታል? ከሴኔጋል እንማር። እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ሲታወቁ መንግሥቷ ነገሩን አልሸሸገም። በዚያው ዓመት ብሔራዊ የመከላከያ ፕሮግራም አቋቋመ፤ ቀጥሎም ለሕሙማን የሚሰጠው ደም አስቀድሞ እንዲመረመር አደረገ።

አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በመሆኑ ዑለማዎችንም አማከረ። በ1995 ዳካር ላይ የሃይማኖት መሪዎች ከሐኪሞች ጋር ስለ ኤድስ መከሩ። ሐኪሙ ስለ ኮንዶም ሲያስተምር ኢማሙ በኹጥባው በትዳር ስለ መጽናት መከረ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አላፈረሰም። ሌሎች ምክንያቶችም አግዘው፣ በቫይረሱ የተያዙት አዋቂዎች ቁጥር ከ1 በመቶ በታች ሆኖ ቆየ።

እንግዲህ እውነትን በጊዜው መናገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሕመምተኛውን የሚያሸማቅቅ ንግግር ግን በሽታውን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም።