ፈተናውን ድገሙት፤ ዝግጅቱን ግን አትድገሙት

ኤልሳት ተፈትናችሁ ውጤቱ ካሰባችሁት በታች ሆኖባችሁ ከሆነ፣ ከማዘናችሁ በፊት የቁጥሩን ነገር እናስተካክል። የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ውጤት የሚሰጠው ከ120 እስከ 180 ነው። ወለሉ ዜሮ ሳይሆን 120 ነው ማለት ነው። ልጃቸው 150 ሲያመጣ ካልኩሌተር አውጥተው «ከ180 ከሆነማ 83 ፐርሰንት ነው፤ ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?» የሚሉ አባት በፍቅር ተሳስተዋል፤ 150 መሃል ሜዳ ነው። «በቃ፣ ሕግ ለእኔ አልተጻፈልኝም» ብላ ክፍሏን የዘጋችው ልጅም ተሳስታለች። በዚህ መሃል አካባቢ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ጨምሮ መመለስ ውጤቱን በአንድ ነጥብ ከፍ ያደርገዋል። የሚለቀም ነጥብ የሞላውም እዚያው ነው።

ደንቡም ከደጋሚው ጋር ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ፣ በጠቅላላው ደግሞ ሰባት ጊዜ መፈተን ይፈቀዳል። ለሕግ ትምህርት ቤቶች ዕውቅና የሚሰጠው የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትምህርት ቤቶቹ የተማሪዎቻቸውን ውጤት ሲያሳውቁ የእያንዳንዱን ተማሪ ከፍተኛ ውጤት እንዲወስዱ አድርጓል። ማመልከቻችሁን የሚያየው ሰው የቀድሞ ውጤታችሁንም ያያል፤ ትምህርት ቤቱ ለደረጃው የሚፈልገው ግን ትልቁን ነው። አሻሽላችሁ ስትመጡ ጥቅሙ የሁለታችሁም ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያዙ፦ «ውጤቴን ሰርዙልኝ» ማለት ሙከራውን አያስመልስም። የተሰረዘውም ከተፈቀዱላችሁ ሙከራዎች ይቆጠራል።

ደጋሚነት የሚያሳፍራችሁ ካላችሁ ደግሞ አንድ ሰው ላስታውሳችሁ። ካትሊን ሱሊቫን የስታንፎርድ ሕግ ትምህርት ቤት ዲን ነበሩ። ከዲንነታቸው በኋላ በ2005 የካሊፎርኒያን የጥብቅና ፈተና ወደቁ፤ በቀጣዩ ዓመት ተፈትነው አለፉ። ፈተናው ሌላ ነው፣ ነገሩ ግን ያው ነው። ሕግ አያውቁም የሚላቸው ሰው አልነበረም፤ የወደቁት ፈተና ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አብዛኛው ደጋሚ ውጤቱን ባየ ማግስት የሚወስነው አንድ ነገር ነው፦ «በርትቼ አጠናለሁ።» ያንኑ መጽሐፍ ከፍቶ፣ ያንኑ ቪዲዮ አይቶ፣ በሳምንት የሚሠራውን የልምምድ ፈተና ከአንድ ወደ ሦስት ያሳድጋል። ይህ በቀን ሦስት ጊዜ ሚዛን ላይ እየወጡ ክብደት ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ዝግጅት የሰጣችሁን ውጤት አይታችሁታል፤ ያንኑ ዝግጅት ብታበዙት የሚሰጣችሁ ከዚያው አካባቢ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ልላችሁ አልተነሣሁም። እንቁላሉ ውስጥ ምን እንዳለ መጀመሪያ እንይ ነው የምለው።

የሚታየው እንዲህ ነው። አንድ ክፍል በ35 ደቂቃ ሥሩ። ስትሠሩ «እርግጠኛ አይደለሁም» ያላችሁበትን ጥያቄ ሁሉ ምልክት አድርጉበት፤ በትክክል የመለሳችሁት ቢመስላችሁም። ሰዓቱ ሲያልቅ የመልስ ቁልፉን አትክፈቱ! እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው፤ እጅ ወደ መልሱ ይሮጣል። ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱና ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ያለ ሰዓት እንደገና ሥሯቸው። አምስቱን ምርጫዎች አንድ በአንድ እያነሣችሁ፣ ይህ ለምን ትክክል እንደሆነ፣ ያኛው ለምን እንደማይሆን በጽሑፍ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ብቻ ቁልፉን ክፈቱ።

አሁን በእጃችሁ ሁለት ውጤት አለ፤ በሰዓት የሠራችሁትና ያለ ሰዓት የሠራችሁት። የሁለቱ ልዩነት ሰፊ ከሆነ ነገሩ ገብቷችኋል፤ የጎደላችሁ ፍጥነትና መረጋጋት ነው። ሁለቱም ዝቅተኛ ከሆኑ ግን ፍጥነት ላይ የምታጠፉት ጊዜ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቁጭ ብሎ የአመክንዮውን ሀሁ እንደገና መማር ያስፈልጋል። የአንዱ ችግር መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። ይህን ሳይለዩ ለውድ ኮርስ ገንዘብ መክፈል ኮርስ ሻጩን እንጂ እናንተን አይጠቅምም።

የስህተት ደብተርም ያዙ። «17ኛውን ሳትኩ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የሳታችሁበትን አስተሳሰብ ጻፉ። ይህን ተመልከቱ፦ «መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ታክሲ መንዳት አይችልም። አቶ እገሌ መንጃ ፈቃድ አለው። ስለዚህ ታክሲ መንዳት ይችላል።» ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የነዳ አጎት ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ የታክሲ ሥራ ፈቃዱስ? አስፈላጊ የሆነው ነገር እንደ በቂ ተቆጠረ። ወይም ይህን፦ «መኪና ማቆሚያቸውን ያሰፉ ሱቆች ገበያቸው ደርቷል። ስለዚህ ገበያውን ያደራው ማቆሚያው ነው።» ምናልባት ገበያ ስለደራላቸው ይሆናል ማቆሚያ ያሰፉት። የፈተናው የአመክንዮ ክፍል እነዚህን ክፍተቶች ልብሳቸውን እየቀያየረ ያመጣቸዋል፤ አንዴ በዳይኖሰር፣ አንዴ በከተማ ምክር ቤት፣ አንዴ በቫይታሚን። ደብተራችሁን ለሦስት ሳምንት ስትሞሉ አንድ የሚያስገርም ነገር ታያላችሁ፦ የምትሳሳቱት በሃያ ዓይነት መንገድ አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ወጥመድ ነው ደጋግሞ የሚይዛችሁ። ስማቸውን ካወቃችሁ ደግሞ ከሩቅ ታዩአቸዋላችሁ።

(በነገራችን ላይ አያቶቻችን በበልሃ ልበልሃ ሙግት የባላጋራቸውን ንግግር ክፍተት ሲያድኑ ነው የኖሩት። እኛም በየቡና ሥርዓቱ ስንከራከር እንውላለን። ችሎታው አለ፤ የጠፋው በዝምታና በ35 ደቂቃ ውስጥ መሥራቱ ነው።)

ከኦገስት 2024 በፊት ተፈትናችሁ የነበራችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ፈተናው ተለውጧል። «ሰባት ሰዎች ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ማን ከማን አጠገብ ነው?» የሚለው የሎጂክ ጌም ክፍል ቀርቷል። አሁን ውጤት የሚሰጥባቸው ሁለት የአመክንዮና አንድ የንባብ ክፍል ናቸው። አራተኛ ክፍልም አለ፤ አይታረምም፣ የትኛው እንደሆነ ግን አይነገራችሁም። ከታላቅ ወንድም የወረሳችሁት ወፍራም የጌም መጽሐፍ ካለ በክብር መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ቤት ስትለማመዱም አራቱንም ክፍሎች፣ ከሁለተኛው በኋላ አሥር ደቂቃ ብቻ እያረፋችሁ ሥሩ። በሦስት ክፍል የለመደ አእምሮ አራተኛው ላይ ይዝላል።

ንባቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው የሚፈራው እሱን ነው። አራት ምንባብ ይመጣል፤ ከሕግ፣ ከሳይንስ፣ ከኪነ ጥበብና ከማኅበራዊ ጥናት። ከአራቱ አንዱ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ጎን ለጎን የሚነጻጸሩበት ነው። ስለ ጉዳዩ አስቀድማችሁ እንድታውቁ አይጠበቅም፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ገጹ ላይ አለ። ብዙዎች ግን የማያውቁትን ቃል ሲያሳድዱ የጸሐፊውን ሐሳብ ይስታሉ። ስትለማመዱ ይህን ሞክሩ፦ አንድ አንቀጽ ስትጨርሱ ቀና በሉና ያነበባችሁትን በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ለራሳችሁ ተናገሩ። «የድሮዎቹ ሊቃውንት እንዲህ ይሉ ነበር፣ ይህ ሰው ግን አይስማማም» የሚያህል ይበቃል። በአማርኛ መናገር ካቃታችሁ እንግሊዝኛው አልገባችሁም ማለት ነው፤ ተመለሱ። አማርኛችሁ እንቅፋት ሳይሆን መመርመሪያ ይሆናችኋል።

የልምምድ ፈተናዎችን አታባክኑ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤልሳክ በሎውሐብ ድረ ገጹ ላይ የተወሰኑ እውነተኛ ፈተናዎችን በነፃ ያቀርባል፤ ደጋሚ ግን ብዙዎቹን ቀድሞ ጨርሷቸዋል። የተሠሩትን ለስህተት ምርመራ እንደገና ተጠቀሙባቸው፣ ያልነካችኋቸውን ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቆጥቡ። ሥራ ያላችሁ ደግሞ «በቀን ስድስት ሰዓት አጥና» የሚሏችሁን አትስሙ። ማታ ከፈረቃ ገብታችሁ አንድ ክፍል ሠርታችሁ አንድ ሰዓት ብትመረምሩት፣ እንቅልፍ እያዳፋችሁ ከምትሠሩት ሙሉ ፈተና ይሻላል። የፈተናውን ቀንም ለሁሉ አትንገሩ፤ በየሰርጉና በየለቅሶው «ስንት አመጣህ?» የሚለው ጥያቄ ከአመክንዮው ክፍል ይበልጥ ያደክማል።

ግባችሁን በስሜት አትቁረጡ። እያንዳንዱ ዕውቅና ያለው የሕግ ትምህርት ቤት 509 የሚባል ሪፖርት በየዓመቱ በይፋ ያወጣል። የገቡት ተማሪዎች መካከለኛ የኤልሳት ውጤት፣ ስኮላርሺፕ ያገኙት ብዛትና መጠን እዚያ ላይ አለ። የምትፈልጉትን ትምህርት ቤት መካከለኛ ውጤት አልፋችሁ ስታመለክቱ ነገሩ መግባት ብቻ አይሆንም፤ ስንት ተከፍሎልኝ ልግባ ይሆናል። ጥቂት ነጥብ በሦስት ዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ዕዳ ሊያስቀር ይችላል። ማመልከቻዎች በአብዛኛው በገቡበት ቅደም ተከተል ስለሚታዩ፣ ሳትዘጋጁ በመጨረሻው ፈተና ላይ ከመንጠልጠል አንድ ዓመት ማቆየት የሚሻልበት ጊዜም አለ።

ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ ኤልሳክ ከክፍያ ነፃ የሚያደርግበት አሠራር አለው፤ ከመክፈላችሁ በፊት አመልክቱ፣ የከፈላችሁትን ወደ ኋላ አይመልስም። የምዝገባው ቀነ ገደብ ደግሞ ከፈተናው ቀን ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ ነው የሚያልፈው። ዛሬ ማታ ገብታችሁ ቀኑን እዩትና፣ የመጀመሪያውን የስህተት ገጽ ነገ ጀምሩ።