ዓይናችሁን የሚጠራው ማን ነው?

በይፋት ማሽላው ወተት በያዘ ሰሞን የጀውሃ ቆላ ልጅ ፀሐይን ቀድሞ ይነሣል። ግሪሳ ወፍ አብዝቶ የሚበላው ጠዋትና አመሻሽ ላይ ስለሆነ፣ ማማው ላይ ለመውጣት የዘገየ ማሳውን አስበላ ማለት ነው። ልጁ ወንጭፉን ይይዛል፣ ጠጠሩን ይቆልላል፣ ዓይኑን በመላው ማሳ ላይ ዘርግቶ ይቆማል። ለረጅም ጊዜ ምንም ነገር አይመጣም። ድንገት መንጋው ሲወርድ ግን የሚያንቀላፋበት ቅጽበት የለውም።

ይህን ሥራ ማንም ቀላል አይበለው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኖርማን ማክዎርዝ፣ የራዳር ስክሪን የሚጠብቁ የአየር ኃይል ሰዎች ለምን ምልክት እንደሚያመልጣቸው ሲመረምር ቆይቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተመ። የሰው ንቃት በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ መውረድ ይጀምራል። የተመረጡ ወታደሮችን ያደከመውን ይህን ሥራ የይፋት ልጆች ለሳምንታት ይሠሩታል፤ እየዘፈኑ፣ ጅራፍ እያጮሁ፣ ከማማ ማማ እየተጠራሩ። ድካሙን የሚሰብሩበትን መንገድ ያገኙት ራሳቸው ናቸው።

ዛሬ የዚያ ልጅ ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። ከሸዋሮቢት እስከ አጣዬ ባለው መንገድ ዳር ስልክ ላይ ያቀረቀረ ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም፤ ትልልቆቹም «የዘንድሮ ልጅ ልቡ ስልኩ ውስጥ ነው» ይላሉ። ስጋታቸው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አከብረዋለሁ። ፍርዱን ግን አልቀበልም፤ እናንተም ስለራሳችሁ ስትሰሙት እንዳትቀበሉት እፈልጋለሁ።

በካሊፎርኒያ የምትሠራ ግሎሪያ ማርክ የተባለች ተመራማሪ፣ ሰዎች በሥራ ላይ ሳሉ አንድ ስክሪን ላይ ሳይዘሉ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ ለዓመታት ለካች። እ.ኤ.አ. በ2004 አማካዩ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነበር። በቅርብ ዓመታት ወደ 47 ሴኮንድ ወርዷል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ እኔን የሳበኝ ግን የተለኩት ሰዎች ማንነት ነው። ሕፃናት አልነበሩም፤ ደመወዝ የሚበሉ ጎልማሶች ነበሩ። በዚያ ዘመን ቢሮ ከነበሩት አብዛኞቹ ልጅነታቸውን ያለ ኮምፒውተር ያሳለፉ ናቸው። የእነሱም ትኩረት ተበተነ። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ትውልድ እርግማን አይደለም። በስንት ዓመቱም ይሁን በየደቂቃው የሚጠራው ነገር አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ መንከራተትን ይለምዳል፤ የለመደውን ደግሞ በሌላ ልምድ መተካት ይችላል።

በእኛ አገር ስክሪንና ትኩረት የተገናኙት ከስልኩ በፊት ነው። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ይመጣል። ጥያቄ ጠይቆ፣ ጥቂት ሴኮንድ ሰጥቶ፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ሊያስቆመው፣ ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም። በርካታ ተማሪዎች እየሮጡ ገለበጡ፤ ሳይገባቸው ደወል ተደወለ። ያ ትውልድ ሰነፍ አልነበረም፤ ስክሪኑ አይጠብቀውም ነበር። ዛሬ እነዚያ ተማሪዎች ጎልማሶች ናቸው፤ ልጆች ያሳድጋሉ። ልጃችሁ ስልክ ላይ ሲጣደፍ ስታዩ ያንን ሩጫ አስታውሱና ከቁጣ በፊት አጠገቡ ተቀመጡ።

አሁን ወደ ወንጪና ወለንጪቲ ልውሰዳችሁ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት፣ ማንበብ ለማይችሉ የሁለቱ አካባቢዎች ሕፃናት ታብሌቶችን በካርቶን እንደታሸጉ አደረሰ። መምህርም መመሪያም አልተሰጣቸውም፤ ባትሪው በፀሐይ ኃይል ይሞላል። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስተኛው ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 መተግበሪያ ይከፍት ነበር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ልጆች ምን ያህል ብልሆች እንደሆኑ ለማሳየት ነው። ብልሆች ናቸው፤ እኔ ግን ሌላ ነገር ላክልበት። እነዚያ ታብሌቶች ኢንተርኔት አልነበራቸውም። ይዘቱ በውስጣቸው ተጭኖ ነበር፤ የአጠቃቀም መረጃውንም ባለሙያ በየሳምንቱ እየመጣ ሚሞሪ ካርድ በመቀየር ይወስድ ነበር። ታብሌቱ ልጁን አይጠራውም፣ መልእክት አይልክበትም፣ ማን ላይክ እንዳደረገው አይነግረውም። ጠሪው ልጁ ነበር። ያልገባውን አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል፤ የገባው ለሌላው ያሳያል።

የእኛ ስልክ ግን ራሱ ይጠራናል። የግሪሳን ነገር አስቡ። አንድ ግሪሳ በቀን የሚበላው 10 ግራም ያህል ነው፤ ማን ይቆጥረዋል? ሚሊዮን ሆኖ ሲወርድ ግን የቀን ቀለቡ 100 ኩንታል ይደርሳል። ስልካችሁ ላይ የምትጮኸው እያንዳንዷ መልእክትም እንደዚሁ ናት። ለብቻዋ ምንም አትጎዳም፤ በመንጋ መጥታ ግን ቀናችሁን ትጨርሰዋለች። ማርክና ባልደረቦቿ ያገኙት ሌላም ነገር አለ፤ ከሥራችን ከሚያቋርጡን ጥሪዎች ከግማሽ ብዙም ያላነሱት ከራሳችን የሚመጡ ናቸው። ማንም ሳይጠራን ስልኩን እናነሣዋለን። በእኔ እምነት ይህ ትልቅ የምሥራች ነው፤ ያ ግማሽ ሙሉ በሙሉ በእጃችን ነውና።

ለወጣቶቹ ደግሞ ሌላ የምሥራች አለኝ። የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1990 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ከ32 አገሮች የተሰበሰቡ፣ ከ21,000 በላይ ሰዎች የተፈተኑበትን የትኩረት ፈተና ውጤት አሰባስበው ነበር። ፈተናው የሚመሳሰሉ ፊደላት ከሞሉበት ገጽ ትክክለኞቹን ፈጥኖ ለቅሞ መሰረዝ ነው። የጎልማሶች የማተኮር ብቃት በእነዚያ ዓመታት ተሻሻለ እንጂ አልወረደም። ልጆቹ ከቀድሞ ልጆች ይልቅ ፈጣኖች ሆኑ፤ ስሕተታቸውም በዛ። ጥናቱ ምክንያቱ ስክሪን ነው አላለም። እኔ ግን ፈጣን ዓይን ያለው ትውልድ በእጃችን እንዳለ አየሁበት። የጎደለው መለስ ብሎ ማየት ብቻ ነው፤ መለስ ብሎ ማየት ደግሞ ይለመዳል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን መሰጠት ስለጀመረ፣ ስክሪን ላይ በጥሞና አንብቦ መልስን መፈተሽ የወደፊት ዕጣን የሚወስን ችሎታ ሆኗል።

መለስ ብሎ ማየት ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በቁርአን ቤት ሉህ ላይ የተጻፈው በቃል ካልተያዘ ሉሁ አይታጠብም፤ በቄስ ትምህርት ቤትም ያልጸና ተማሪ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። አያቶቻችሁ የሠሩበትን ይህን ሥርዓት በስልካችሁ ላይ ልትተክሉት ትችላላችሁ።

እንዴት? ማታ የምትፈልጉትን ትምህርት አውርዱ፤ ቪዲዮም ሆነ መጽሐፍ። ጠዋት ዳታውን አጥፉና ስልኩን እንደ ወንጪው ታብሌት አድርጉት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ ያለ ኔትወርክ መኖር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያ የተጫነብን ነበር፤ ይኼኛውን ግን እናንተ ትመርጡታላችሁ፣ ስትጨርሱም ራሳችሁ ትከፍቱታላችሁ። ማክዎርዝ ንቃት የሚወርድበትን ጊዜ ነግሮናልና ከግማሽ ሰዓት አትለፉ። ተነሡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ማሳውን አንዴ ዙሩ። ከዚያ ተመልሳችሁ ሌላ ነገር ሳትከፍቱ፣ ያነበባችሁትን ሳታዩ በሦስት ዓረፍተ ነገር ደብተር ላይ ጻፉና ከጽሑፉ ጋር አመሳክሩ። ስሕተት ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ያ የፈጣኑ ዓይናችሁ ጉድለት ነው፣ አሁን ደግሞ አያችሁት።

ወላጆች ሆይ፣ እናንተም ተካፋዮች ናችሁ። የቴሌብር መልእክት የሚያነብላችሁ፣ ገንዘብ ስትልኩ ቁጥሩን የሚያረጋግጥላችሁ ልጃችሁ ከሆነ፣ ያ ልጅ በትዕግሥት ማስረዳትን እየተማረ ነው። አታጣድፉት። «ቀስ ብለህ አስረዳኝ» በሉት፤ ሲያስረዳ ራሱም ይበልጥ ይገባዋል። በምላሹ እናንተ ማማ ላይ ሳላችሁ እንቅልፍን እንዴት ታሸንፉ እንደነበር ንገሩት፤ ይህን ከየትኛውም መተግበሪያ አያገኘውም። የእራት ሰዓት ላይም የሁላችሁም ስልክ፣ የእናንተም ጭምር፣ ድምፁ ጠፍቶ ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ነገ ጠዋት ጀምሩ። የጻፋችሁትን ሦስት ዓረፍተ ነገር የምታስረዱለትን ታናሽ ወንድም፣ እኅት ወይም የጎረቤት ልጅ ደግሞ ዛሬ ማታ ምረጡ፤ ነገ የተማራችሁትን የሚጠይቃችሁ እሱ ነው።