ሰሊጥ ካለፈ በኋላ መተማን ማየት

በዚህ ወር ጥናታችን ስለ ጉዞ እንነጋገራለን፤ ይኸውም ሰው በብዛት በሚጎርፍበት ጊዜ ሳይሆን ጥሎ ከተመለሰ በኋላ አንድን ከተማ ስለ መጎብኘት ነው። የባሕር ዳርቻ ባላቸው አገሮች ነገሩ የታወቀ ነው። በአውሮፓ የባሕር ዳር ከተሞች በሐምሌና በነሐሴ ከሰው ብዛት የተነሣ መተላለፊያ ይጠፋል፤ መስከረም ሲያልቅ ግን ብዙው ሆቴል ይዘጋል፣ ጃንጥላው ይታጠፋል፣ አሸዋው ለነዋሪውና ለውሾቹ ይቀራል። ምጽዋ ደግሞ በተቃራኒው ነች። ሙቀቷ ስለሚከብድ ከደጋ የሚወርደው ሰው የሚመርጠው ታኅሣሥንና ጥርን ነው፤ ሰኔ ሲገባ ወደ ደጋው ሽቅብ ይመለሳል።

ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ግን እኛ የባሕር ጠረፍ የለንም። ስለዚህ በአንድ ወቅት ሞልቶ በሌላው የሚጎድል ከተማ ማየት ለሚሻ የጎንደር ወጣት ቅርቡ መተማ ነው። ባሕሩ ሰሊጥ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

መንገዱ ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በአይከልና በነጋዴ ባሕር በኩል ቁልቁል ይወርዳል። (ነጋዴ ባሕር ስትባል ሰምቶ ባሕር የሚፈልግ እንግዳ ቢኖር ይቸገራል።) ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥተን ከ1,000 ሜትር በታች ስንደርስ ጋቢው ይወልቃል፣ የውኃው ጠርሙስ ይፈለጋል። የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ገንዳ ውኃ ታልፋና ኮኪት ታልፋ መተማ ዮሐንስ ላይ ኢትዮጵያ ያበቃል፤ ማዶው የሱዳን ገላባት ነው። ዮሐንስ የሚለው ስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ያረፉት የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መታሰቢያ ነው። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ስለተማርነው እንለፈው።

የመተማ ወቅት ምን እንደሚመስል በመጀመሪያ እንረዳ። ሰሊጥ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይዘራል፤ ቶሎ መታረም አለበት፤ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮም ይታጨዳል። የዚህ እህል ጠባዩ ክፉ ነው። ሲደርቅ ፍሬው ያለበት እንቡጥ ከጫፉ ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይፈስሳል። ባለእርሻው ጥቂት ቀን ከዘገየ የዓመቱ ልፋት ለወፍና ለጉንዳን ይሆናል። ስለዚህ ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ ይፈለጋል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ ወጣቱ ማጭዱን በማዳበሪያ ጠቅልሎ የሚወርደው በዚያ ሰሞን ነው። ከመካከላችንም ወንድሙን ወይም የጎረቤቱን ልጅ ያልሸኘ ጥቂት ነው። ከተማው ያን ጊዜ ሌሊትም አይተኛም፤ እንጀራው ይወደዳል፣ አልጋው ይጠፋል።

ያን ጊዜ የሄደ ሰው መተማን አየሁ ቢል ያየው ሕዝቡን እንጂ አገሩን አይደለም። አገሩ የሚታየው ነዶው ተወቅቶ፣ ሰሊጡ ተጭኖ፣ ሠራተኛው ከተበተነ በኋላ፣ ከጥር ወዲህ ነው። ያን ጊዜ ቀድሞም የነበሩት ይገኛሉ፤ ከጥንት የቆላው ባለቤት የሆኑት ጉሙዞች፣ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሠፈራ መርሐ ግብር ከደጋ ወርደው ጎጆ የቀለሱት ገበሬዎች፣ በጠረፉ ንግድ የከረሙት ነጋዴዎች። ሻይ የምታፈላው ሴት በጥቅምት ለአንድ ቃል ጊዜ አልነበራትም፤ በየካቲት ግን በርጩማ አቅርባ ከየት እንደመጣን ትጠይቃለች።

ነገር ግን በዚህ ጸጥታ ውስጥ መሄድ ያቃታቸውም አሉ። የቆላው ሥራ ሲያልቅ ያገኘውን በልቶ የመሳፈሪያ ያጣ፣ ወባ የጣለው ልጅ አይጠፋም። ከወባ ይልቅ የሚያሳስበው ካላአዛር ነው፤ ምክንያቱም ይዘገያል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትናከሰው በሌሊት ነው፤ በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ትደበቃለች፤ የእርሻ ሠራተኛው የሚያድረውም በዚያው ነው። ትኩሳቱና ክሳቱ፣ የጣፊያው ማበጥም የሚታየው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ልጁ ደጋ እናቱ ቤት ከገባ ወዲያ ሊሆን ይችላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ወረርሽኙ ሲታወቅ ብዙ ሰው ሞቶ ነበር፤ በሽታው ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታመናል። ካልታከመ ይገድላል፣ ከታከመ ይድናል። እንግዲህ ከቆላ የተመለሰ ወንድም ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚናገረው ቆላ መክረሙን ይሁን። ካልነገረው ሐኪሙ ሌላ ሌላውን ሲመረምር ጊዜ ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሰሊጡ ሲያልፍ መተማ ሥራ የፈታ ይመስላል እንጂ አልፈታም። በድንጋያማው ኮረብታ ላይ ልጡ እንደ ወረቀት የሚላጥ፣ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን የሚቆም ዛፍ አለ። የዕጣን ዛፍ ነው። ከጥቅምት ገደማ ጀምሮ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ሠራተኞች ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዞሩ ልጡን በስለት ትንሽ ትንሽ ይፍቁታል። ከቁስሉ እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ይወጣል፤ ይደርቃል፤ ተመልሰው ይለቅሙታል፤ ቁስሉንም አድሰው ይሄዳሉ። በአንድ በጋ ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የተለቀመው በከተማ መጋዘን በሴቶች እጅ በየደረጃው ይመረጣል። ከዚያ አንዱ ክፍል ውጭ አገር ይሄዳል፤ አንዱ ለቡና ጭስ፣ አንዱም ለየቤተ ክርስቲያኑ ጽና ይሆናል። እኛ በየሰንበቱ ጢሱን ስናሸት ዛፉን ያየን ግን ስንቶቻችን ነን?

ዛፉን ማየት የሚገባን ሌላም ምክንያት አለ። በ2011 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን የሚገኙ 23 የዕጣን ደኖችን መርምረው እንዳሳተሙት፣ ከአራቱ ሦስት እጅ በሚበልጡት ደኖች ውስጥ ትንንሽ ዛፍ የለም። ቆመው የሚታዩት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። እንዲህ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣኑ ምርት በግማሽ ይቀንሳል ብለዋል። በክረምት ዘሩ ሳይበቅል ቀርቶ አይደለም፤ ይበቅላል። ግን ከብቱ ይበላዋል፣ በበጋ በደረቁ ሣር ላይ የሚለቀቀው እሳት ይፈጀዋል። ትልቁም ዛፍ ያለ ዕረፍት ሲፋቅ ኃይሉን በፈሳሹ ስለሚጨርስ ፍሬው ይሳሳል፤ ግንዱንም ነቀዝ ይገባበታል። ሜዳው ላይ የነበረው ደን ደግሞ ለሰሊጥ ተመንጥሯል። በጥቅምት ወንድማችን ሊያጭድ የሚወርድበት እርሻ፣ አንዳንዱ ከጥቂት ዓመት በፊት ዛፍ የነበረበት ነው። ሰሊጥ በአራት ወር ገንዘብ ስለሚያመጣ ገበሬውን መውቀስ አይቻልም፤ የዕጣን ዛፍ ግን አድጎ ለመፋቅ እስኪደርስ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። ዛፉን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ መፋቅና አልፎ አልፎ ማሳረፍ፣ ከብት እንዳይገባበትም መከለል እንደሚጠቅም ባለሙያዎቹ ይመክራሉ። ይህን ለመረዳት በጥቅምት የሚወርደው ሰው አይመቸውም፤ ዓይኑ ሰሊጡ ላይ ነው። በየካቲት ግን ቅጠል የሌለው ዛፍ ጠባሳው ሁሉ ከሩቅ ይቈጠራል።

መሄድ ለሚያስብ ወጣት አንድ ነገር እንጨምር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በመተማ በኩል ገብቷል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይም በክልላችን ግጭት ተነሥቷል። ስለዚህ የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮችና በዚያ ዘመድ ካላቸው ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም። ሰላም ካልሆነ ጉዞው ይቆይ። ሄዶ የሚያድር አጎበር ይያዝ፤ ሙቀቱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሚያይል መንገዱን በማለዳ ይጀምር።

እስከዚያው በየገበያችን ዕጣን የሚሸጡ እናቶች አሉ። ቁናቸው አጠገብ ቆመን ዕጣኑ ከየትኛው ቆላ እንደ መጣ ብንጠይቃቸው፣ አንዳንዶቹ ከትግራይ፣ አንዳንዶቹ ከቤኒሻንጉል፣ አንዳንዶቹም ከመተማ ይሉናል። ዋጋው ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሆነም ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።