«ሲኒማ ፓራዲሶ»፤ አንድ ፊልም፥ ሁለት ትዝታ
በቤቱ ፊልም የሚያይ ተማሪ አስቀድሞ በዲስኩ ሽፋን ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ይመልከት። ምክንያቱን የጁዜፔ ቶርናቶሬ «ሲኒማ ፓራዲሶ» ያስረዳናል። ፊልሙ በ1988 እ.ኤ.አ. በኢጣሊያ ሲወጣ 155 ደቂቃ ነበር፤ ገበያ ስላጣ ወደ 124 አጠረ፤ በ1990 ኦስካር የተሸለመውም ይኸው አጭሩ ነው። በ2002 ደግሞ ባለ 173 ደቂቃው በአሜሪካ ታየ።

በአጭሩ ፊልም፥ የሲሲሊያውን ወጣት ሳልቫቶሬን «ሂድ፤ ናፍቆት አይመልስህ» ብሎ የሚሰደው የሲኒማ ቤቱ ሠራተኛ አልፍሬዶ እንደ ደግ አባት ይታያል። በረጅሙ ግን ሳልቫቶሬ ከሚወዳት ከኤሌና በመለየቱ የአልፍሬዶ እጅ እንዳለበት ይገለጣል። ታዲያ ምክሩ ስጦታ ነበርን ወይስ ስርቆት? ለትምህርት ብለን ከወላጆቻችን የተለየን ሁሉ ልንመረምረው ይገባናል። ትዝታ የሚጣፍጠው ተቆርጦ የወደቀው ክፍል ስለማይታይ ነውና፥ አጭሩን አስቀድሞ፥ ረጅሙን አስከትሎ ማየት ይበጃል።