በብሎኬት የጓሮ መደብ ከመሥራትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የብሎኬት መደብ አይበሰብስም፣ ምስጥም አይበላውም። ያለ ሲሚንቶ ከተደረደረ ደግሞ ቤት ሲቀይሩ ነቅለው ይወስዱታል። ይሁን እንጂ ጎመን የሚያበቅለው አፈሩ ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት እነዚህን ነገሮች ይመርምሩ።

1. መሬትዎ መደብ ይፈልጋል?
አንድ ክንድ ያህል ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉበት። ውሃው ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ይሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ መሬትዎ ደህና ነው፤ ቆፍሮ የበሰበሰ ፍግ ማልበስ ይበቃዋል። እስከ ማግስቱ ከቋጠረ ግን በክረምት ሥሩ ይታፈናል፤ ከፍ ያለ መደብ ያስፈልግዎታል። በአዲስ አበባ በብዙ ሰፈር ያለው መረሬ አፈር እንዲህ ነው። የግንባታ ፍርስራሽ የተደፋበት ግቢም መደብ ያስፈልገዋል።

2. ስንት ብሎኬት ይፈጃል?
የተለመደው ብሎኬት ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ውፍረቱ 10፣ 15 ወይም 20 ይሆናል። ከውጭ ሲለካ 2.40 በ1.20 ሜትር የሆነ መደብ በባለ 20 ለአንድ ረድፍ 16 ብሎኬት ይፈጃል። ለተክል የሚተርፈው ግን 2 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለሰላጣና ለቆስጣ አንድ ረድፍ ይበቃል፤ ከሥር ያለው መሬት ጠንካራ ከሆነ ለካሮት ሁለት ያድርጉት። ከሁለት ረድፍ በላይ ከወጡ ያለ ሲሚንቶ አይደርድሩ።

3. የት ይቀመጣል?
ለዚያ 2.40 በ1.20 ሜትር መደብ፣ አንድ ረድፍ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ የሚገባው አፈር ውሃ ሲጠጣ ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ብሎኬቱ ሳይቆጠር ማለት ነው። ስለዚህ በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ አያስቡት። ከቤት ግድግዳም አያስጠጉት፤ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የግቢው ወለል ሊሾ ከሆነ ታችኛው ረድፍ ላይ ውሃ የሚወጣበት ክፍተት ይተዉ።

4. በምን አፈር ይሞላል?
መረሬ ብቻውን አይሙሉ። በክረምት ሲያብጥ ብሎኬቱን ወደ ውጭ ይገፋል፣ በበጋ ሲሰነጠቅ ሥር ይበጥሳል። ከአሸዋና ከበሰበሰ ኮምፖስት ጋር ይቀይጡት። ትኩስ ፍግ ተክሉን ያቃጥላል፤ ወራት ቆይቶ የአፈር ሽታ እስኪያመጣ ይጠብቁ።

5. ብሎኬቱ ጥሩ ነው?
በሚስማር ይጫሩት። እንደ ዱቄት የሚራገፍ ከሆነ ውሃ ሳይጠጣ የደረቀ ነው፤ ዝናብ ይበላዋል። ቀለም የተቀባ አሮጌ ብሎኬት አይጠቀሙ፤ የቆየ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ሲሚንቶ ኖራነት ስላለው ዳር ዳሩን አፈር በመጠኑ ይለውጣል። ጎመንና ቀይ ሥር ይችሉታል፤ እንጆሪን ግን መሃል ላይ ይትከሉ። አመድ አይጨምሩበት፤ እሱም ኖራነቱን ያባብሳል።

6. የብሎኬቱ ቀዳዳዎችስ?
ጤና አዳም፣ ጦስኝና የሥጋ መጥበሻ ደረቅ ስለሚወዱ ለቀዳዳው ይስማማሉ። አንዳንድ ብሎኬት ግን በአንድ ወገን የተደፈነ ነው። ክፍቱን ወደ ላይ ካደረጉት ውሃ ይቋጥራል፤ ስለዚህ ድፍኑን በመዶሻና በመሮ ይብሱት።

7. በበጋ ውሃ አለዎት?
ብሎኬት በፀሐይ ይግላል፤ ከፍ ያለ መደብም ከመሬት ቀድሞ ይደርቃል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማጠራቀሚያ ሳይኖርዎ አይጀምሩ። አፈሩን በጭድ ይሸፍኑ፣ ጠዋት ጠዋት ያጠጡ።

እንግዲህ ውሃ ለሚቋጥር ወይም ፍርስራሽ ለሞላበት ግቢ፣ እንዲሁም ጎንበስ ማለት ለሚከብዳቸው ሰዎች፣ የብሎኬት መደብ ወጪውን ይመልሳል። መሬትዎ ውሃ የሚያሰርግ ከሆነ ግን የብሎኬቱን ገንዘብ ለኮምፖስትና ለጥሩ ዘር ያውሉት።